ቀጠሮ ያለውና ቀጠሮ የሌለው ሽማግሌ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን በዛሬው ዘመን አንድ ነገር ሊጨመርበት ይገባል፤ ይኸውም በሽታውን ያላወቀ ሰው ከደበቀው ሰው ባላነሰ መጐዳቱ ነው።

ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች፥ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ገነት እንሂድና ሁለት ጎረቤታሞች ሽማግሌዎችን በሐሳባችን እንመልከት። ሁለቱም ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሁለቱም ቡና ሲተክሉና ሲለቅሙ ኖረዋል። በአንደኛው ደም ውስጥ የኤች አይ ቪ ቫይረስ አለ፤ በሁለተኛው የለም። ከሁለቱ አዘውትረው የሚመረመሩት ማናቸው ናቸው ቢባል፥ ቫይረሱ ያለባቸው ሆነው መገኘታቸው ያስገርም ይሆናል።

ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይታደላል። ታካሚው መዝገብ ተከፍቶለት፥ ቀጠሮ ተቆርጦለት፥ ክብደቱ እየተመዘነ፥ ደሙ እየተመረመረ ይኖራል። ቢቀር «ለምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተመድቧል። ሁኔታው ከተረጋጋም የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ወደ ቡናው ይመለሳል። በወጣትነቱ ሞት ይጠብቀው የነበረ ሰው ዛሬ ለሽምግልና የበቃው በዚህ ሥርዓት ነው።

ቫይረሱ የሌለባቸው ጎረቤቱስ? የደም ግፊት ሕመሙን ሳያሰማ ይኖራል፤ የስኳር በሽታም ቀስ ብሎ ይገባል። ገንዘብ እጅ የሚገባው ቡናው ሲለቀም ነውና፥ በክረምት ራሳቸውን ቢያማቸው እንኳ «ቡናው ይድረስ» ብለው ይቆያሉ። መድኃኒቱን ቢጀምሩም የተሻላቸው ሲመስላቸው ያቆሙታል፤ ለምን አቆሙ ብሎ የሚጠይቃቸውም የለም። በመጨረሻ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሲሆን ልጆቻቸው ተሸክመው ሆስፒታል ያደርሷቸዋል።

ይህ ነገር በሌላ አገርም ታይቷል። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ አፍሪካ ገጠር፥ በአጊንኮርት፥ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፥ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱት ሰዎች የደም ግፊታቸውን በማወቅና በመታከም ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል።

እንዲህ ሲባል ግን ቫይረሱ ላለባቸው አረጋውያን ምንም አልጐደለባቸውም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ጎረቤት እንዳያየው በማለት የሰፈሩን ጤና ጣቢያ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። ቫይረሱም ከእርጅና ጋር ሲደመር ለልብ በሽታ ይበልጥ ያጋልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ መልካም ሥርዓት የቆመው በአብዛኛው በውጭ አገር ገንዘብ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ባገደ ጊዜ፥ በዚሁ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በሰው ገንዘብ የተቈረጠ ቀጠሮ በሰው ፈቃድ ሊታጠፍ እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መነሻው በእጃችን አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሙከራ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፥ ሊሙ ገነት የምትገኝበት ሊሙ ኮሳ አንዷ ነበረች። ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ፥ በታመመ ጊዜ ኪሱን ሳይዳብስ ይታከማል። ለቡና ገበሬ፥ ገቢው በዓመት አንድ ወቅት ለሚሰበሰብለት ሰው፥ ይህ እጅግ የሚስማማ ዘዴ ነው። ነገር ግን የመድን ደብተር በሩን ይከፍታል እንጂ ሰውን ከቤቱ ጠርቶ አያመጣም። የጎደለው መዝገቡ፥ ቀጠሮውና ጠያቂው ነው። በኤች አይ ቪ ክፍል የተማርነውን ይህን ሥራ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታም ማዋል ይገባል፤ የኤች አይ ቪ ክፍሉም የአረጋውያኑን ደም ግፊት ሳይለካ ማሰናበት የለበትም።

በየጽሕፈት ቤቱ የምትሠራ ወጣት ሆይ፥ በጀት ስታዘጋጅ ይህን አስብ። አንተም ተማሪው፥ ለዕረፍት አገርህ ስትገባ አባትህን «ደም ግፊትዎን መቼ ተለኩ?» ብለህ ጠይቃቸው። መልሱ ዝምታ ከሆነ፥ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ በማግሥቱ ይዘሃቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።