ቫይረስ ሕይወት አለውን?

ይህ ጥያቄ ስለ በግና ስለ ድንጋይ ቢቀርብ ሕፃን እንኳ ይመልሰዋል። ስለ ቫይረስ ሲቀርብ ግን ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረው እስከ ዛሬ በአንድ ቃል አልተስማሙም። ነገሩ የትምህርት ቤት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ቦታ ባልሰጠነው ነበር። ነገር ግን በደባርቅ፥ በዳባትና በስሜን ግርጌ ለሚኖር፥ በደጁ ውሻ በበረቱም በሬ ላለው ቤተሰብ፥ ጥያቄው ከጤናውና ከኑሮው ጋራ የተያያዘ ነው።

በ1877 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት አዳነ፤ የበሽታውን ምክንያት ግን በአጉሊ መነጽር ፈልጎ አላገኘውም። በ1891 ዓ.ም. ቤይጄሪንክ የተባለ የሆላንድ ሊቅ፥ የትምባሆን ቅጠል የሚያበላሸው ነገር ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ አይቶ «ሕያው ፈሳሽ» አለው። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ስታንሊ ያንኑ ነገር አጥርቶ እንደ ጨው ቅንጣት አደረገው። ቅንጣቱም ሟሙቶ ቅጠል ሲነካ እንደገና በሽታ ሆነ። እንደ አሞሌ የሚደርቅ ነገር እንዴት ሕያው ይባላል?

ቫይረስ አይበላም፥ አይተነፍስም፥ አያድግም። በልባስ የተጠቀለለ ጽሑፍ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ብራና በማኅደሩ ሳለ ራሱን አይገለብጥም፤ ጸሐፊ ያስፈልገዋል። ቫይረስም ወደ ሰው ወይም ወደ እንስሳ ሕዋስ ሲገባ፥ ሕዋሱ የራሱን ሥራ ትቶ የእርሱን ጽሑፍ ይገለብጥለታል።

«የገብስ ዘርስ በጎተራ ተኝቶ ይከርም የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ዘር ስንቁንም የሥራ መሣሪያውንም በውስጡ ይዟል፤ አፈርና ዝናም ቢያገኝ በራሱ ይበቅላል። ቫይረስ ግን በሌላው ሕዋስ ካልገባ አይበዛም። ሕያው ነው የሚሉት ሊቃውንትም ምክንያት አላቸው፤ ይወርሳል፥ ያወርሳል፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይለዋወጣልና። የእኛ አሳብ ግን ቫይረስ የራሱ ሕይወት የለውም፥ የሌላውን ሕይወት ይዋሳል የሚል ነው።

ከዚህም ለየቤቱ የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፥ ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ባክቴሪያን የሚያጠቁት በራሱ አካልና ሥራ ገብተው ነው፤ ቫይረስ ይህ የለውምና አይነኩትም። ስለዚህ ለተራ ጉንፋን ካፕሱል መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው።

ሁለተኛ፥ የሚዋሰውን አካል ያጣ ቫይረስ ይጠፋል። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን አብዛኛውን በሬ በመፍጀቱ ለክፉ ቀን ዋና ምክንያት ሆኖ ነበር። ከብቱ እየተከተበ የሚያድርበት አካል ባጣ ጊዜ ግን፥ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክትባትም የጠላትን ጽሑፍ ለአካላችን አስቀድሞ ማስጠናት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ ቫይረስ ከንክሻው ቦታ ተነሥቶ በጅማተ ነርቭ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ጉዞውም አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ልባሱ የስብ ስለ ሆነ ግን ሳሙና ያፈርሰዋል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር፥ ደህና ነኝ ብሎም አያቋርጥ። ጠበልም ከክትባት አያስቀርም፤ በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ መምከራቸው ይታወሳል።

ውሻንም ማስከተብ ልጅን መጠበቅ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሻ የተላለፈው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል፤ በስሜን የቀሩትም ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ ሊቃውንቱ ክርክራቸውን ይቀጥሉ። እኛ ግን ሕይወት የሌለውን ነገር ሕይወታችንን አናውሰው።