ገበሬው መሬቱን ይሸጣል ለሚሉ

«ገበሬው በመሬቱ ላይ ሙሉ መብት ካገኘ ሸጦና ለውጦ ከተማ ይፈልሳል» የሚለው አባባል ዕድሜው ረዝሟል። ክርክር ከማለት ንቀት ማለት ይቀላል። በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት አያቶቻችን ለአንዲት ጥማድ መሬት የትውልድ ሐረግ እየቆጠሩ ዕድሜያቸውን በሙግት ፈጅተዋል። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ያለ ሕዝብ በምን ተአምር ርስቱን እንደ አሮጌ ጋቢ አውጥቶ ይጥላል?

የርስት ሥርዓት እንከን አልነበረውም አልልም። ጉልተኛው በባለርስቱ ጫንቃ ላይ ነበር፤ ሙስሊሙና ቀጥቃጩም ብዙ ጊዜ ከርስት የተገፉ ነበሩ። «መሬት ላራሹ» የተባለውም በከንቱ አልነበረም። ይሁንና የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን፣ መሸጥም ማስያዝም ተከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ሽያጩን ዳግም ዘጋ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት ሲሸነሸን «የፊውዳል ቅሪት» እና «ቢሮክራሲ» የተባሉ ገበሬዎች ይዞታቸው ተቀነሰ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን ያጡት ሸጠው አይደለም፤ በገመድ ተለክቶ ተወስዶባቸው ነው!

እንግሊዝን የሚጠቅሱልን ወገኖችም ግማሹን ብቻ ይነግሩናል። ከዊልያም ድል ከ1066 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አገር ሕግ የመሬት የበላይ ባለቤት ዘውዱ ነው፤ ዜጋው የሚይዘው በመሬቱ ላይ ያለውን መብት ነው። ሆኖም በ1290 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነጻው ባለይዞታ የጌታውን ፈቃድ ሳይለምን መብቱን እንዲሸጥ ፈቀደለት። የበላይ ባለቤትነት የመንግሥት መሆኑ፣ የባለይዞታውን እጅ ማሰሪያ ሰበብ አይሆንም ማለት ነው። በሌላ በኩል ያው አገር በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወል መሬት በፓርላማ ሕግ እያሳጠረ፣ ድሃውን ግጦሽ አሳጥቶታል። ስለዚህ በጭፍን አንቅዳ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከተሜው የቤቱን ካርታ አስይዞ ይበደራል። በጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ግን የማዳበሪያ ገንዘብ ሲያጥረው የአራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠናል፤ መሬቱንም ያለ ሕግና ያለ ዳኛ በስውር ያስይዛል። ክልከላው ያተረፈልን ይህንን ነው። የክልላችን አዋጅ ቁጥር 252/2009 እና የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅደዋል። እኔ በምሠራበት መስኮት ግን የይዞታ ደብተሩ ዛሬም ከቤት ካርታ እኩል አይከበርም።

«ገበሬው ዕዳ ውስጥ ገብቶ መሬት አልባ ቢሆንስ?» ለሚሉ፣ ከእንግሊዝ የሚቀዳው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ችሎቶቻቸው፣ የመክፈያ ቀኑ ያለፈበት ባለዕዳ ዘግይቶም ቢሆን ከፍሎ መሬቱን እንዲያስመልስ ወሰኑለት። ለገበሬ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል ሁሉ እንዲህ ያለውን የመመለሻ መብት ይሟገትለት። እጁን አስሮ «ጠበቅሁህ» ማለት ግን ጥበቃ አይደለም፤ እስር ነው።

ቸር ይግጠመን።