በሰልፍ የምንጠይቀው ሕግ ቤታችን ሲደርስ የት ይገባል?

ስለ ሕግ የበላይነት እኛን የሚያህል ተናጋሪ የለም። በዋሽንግተን ብርድ ባንዲራ ይዘን ዋይት ሐውስና ስቴት ዲፓርትመንት በር ላይ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸናል። ደግም አድርገናል። ነገር ግን ከሰልፉ መልስ ሕግን ከደጃፍ አስቀርተን ቤታችን እንደምንገባ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። እኛ ግን በቅሎዋም ጭብጦዋም ያለ ፍርድ ስትሄድ ዝም ብለን እናያለን።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የብዙዎቻችን እንጀራ ከመኪና መሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ስንገጭ የመጀመሪያው ቃላችን «ይቅርታ»፣ ሁለተኛው «ምንም አልሆንኩም» ነው። አስተዳደጋችን ነው፤ አያሳፍርም። ሆኖም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተጎጂው ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን ጥፋት አለበት ከተባለ ካሣውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። በዲሲም ለመኪና አሽከርካሪ ያው ነው፤ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሕጉ ላልቷል። ስለዚህ ለፖሊስ ያየነውን በእውነት እንናገር እንጂ በራሳችን ላይ ዳኛ ሆነን አንፍረድ። ሐኪም ዘንድም ሳንውል ሳናድር እንሂድ፤ የአንገትና የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ አድሮ ነው የሚነሣው።

የኢንሹራንስ ሠራተኛ በሳምንቱ ቼክና የሚፈረም ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ያቺ ፊርማ ጉዳዩን ለዘለዓለም ልትዘጋው እንደምትችል እንወቅ። ጊዜውም አይጠብቀንም። ለአካል ጉዳት ክስ የሚመሠረተው በመደበኛው በቨርጂኒያ በ2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። የገጨን የመንግሥት መኪና ከሆነ ደግሞ ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠየቃል፤ ጊዜውም ከዚህ ያጥራል። «ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም» ማለትም ምክንያት አይሆንም፤ የአካል ጉዳት ጠበቃ በተለምዶ የሚከፈለው ከተገኘው ካሣ በመቶኛ ታስቦ ነው። መቶኛው ስንት እንደሆነና ወጪውን ማን እንደሚችል ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ።

ወደ ትዳር እንምጣ። ሽምግልናን አናጣጥልም፤ ስንት ቤት ከመፍረስ አድኗል። ነገር ግን «ልጆቹ ከእናታቸው ይሁኑ፣ አንተም በወር ይህን ያህል ቁረጥ» ተብሎ ቡና ላይ ያለቀ ነገር፣ በጽሑፍ ሰፍሮ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ነገ አንዱ ወገን ሲክድ ማስፈጸሚያ የለውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበን «ወረቀትሽን አሰርዤ አስባርርሻለሁ» እየተባለች ዱላ የምትችለው እህታችን ናት። እኛም ገመና ነው ብለን ዞር እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1994 በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለመከላከል የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ የሆነ ተበዳይ ሚስት አይ-360 በተባለው ፎርም ራሷ እንድታመለክት ይፈቅዳል። ባሏ መፈረም ቀርቶ ማወቅም የለበትም። የተበደለ ባልም በዚሁ ሕግ ይጠቀማል። ይህን እያወቀ «ቻይው» የሚላት ሽማግሌ አስታራቂ ሳይሆን የበደሉ ተባባሪ ነው።

ቋንቋውንም ሰበብ አናድርገው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለባለጉዳይ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚገለገሉበት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ፍርድ ቤትም ስንቀርብ አስተርጓሚ እንጠይቅ። የእናትና የአባቱን ፍቺ የአሥር ዓመት ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ ግፍ ነው።

ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያልና እያንዳንዳችን የምንኖርበትን ስቴት ጠበቃ እንጠይቅ። ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና ዕድሮቹ ለሰልፍና ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ከሚጠሩን ቀናት አንዷን ለዚህ ይመድቡ፤ ጠበቃ ይጋብዙ፤ እናቶችና ታክሲ ነጂዎች ፊት ለፊት ይጠይቁ። በእጃችን ያለውን መብት ሳንጠቀምበት ለአገራችን የሕግ የበላይነትን እንመኛለን ብንል ማን ያምነናል?

ቸር ይግጠመን!