ዝምታችን ሐያእ ነው ወይስ ይሉኝታ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችሁ አንድ ቀን ልብሷ ላይ ደም ብታይ ማንን ትጠይቃለች? እናቷን እንዳትጠይቅ እናቷም ከእናቷ የሰማችው ነገር የለም። አባቷንማ አይታሰብም! ስለዚህ ከእርሷ ያልተሻለች ጓደኛዋን ትጠይቃለች። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አንደበቱ የጣፈጠ ጎረምሳ መጥቶ እኛ ያላስተማርናትን በራሱ መንገድ ያስተምራታል። ሆዷ ሲገፋ ግን «አዋረደችን!» ብለን የምንጮኸው እኛው ነን።

በቤታችን ስለ ወር አበባ፣ ስለ ጉርምስና ስሜትና ስለ እርግዝና ማንሳት ነውር ነው። ለዚህም ዝምታ «ሐያእ» የሚል ስም ሰጥተነዋል። ነገር ግን ሐያእ ሌላ ነው፤ ይሉኝታ ሌላ ነው። ሐያእ አላህን አፍሮ ከወንጀል መራቅ ነው፤ ይሉኝታ ጎረቤትን ፈርቶ እውነትን መደበቅ ነው። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴት ልጅ በሕልሟ ስሜቷ ቢነሳ ትጥበት ይገባት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ጠይቃለች፤ እርሳቸውም መለሱላት እንጂ አላሳፈሯትም። ዚና እንዲፈቀድለት የጠየቃቸው ወጣትስ? የተቀመጡት ሰዎች ሲቆጡት እርሳቸው ግን ወደ ራሳቸው አስጠጉት፤ ይህ ነገር በእናቱ፣ በልጁ፣ በእኅቱ ቢደረግ ይወድ እንደሆነ ጠየቁት፤ በመጨረሻም እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉለት። ይኸው ወጣት ዛሬ እኛ ቤት መጥቶ ቢጠይቅ ከጥፊ ሌላ ምን ያገኝ ነበር?

ዝምታው ብቻውን አልመጣም፤ ፍርሃት የሚባል ወንድም አለው። «ሳታዋርደን እንዳራት» የሚለው ፍርሃት ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ይህ ቁጥር በአዲስ አበባ 3 በመቶ፣ በሶማሌ ክልል 19 በመቶ፣ በአፋር 23 በመቶ ነበር። አስተውሉ! ብልግና በዝቶባታል የምንላት ከተማ ዝቅተኛዋ ናት። በአገራችን በልጅነታቸው ከሚያረግዙት የሚበዙት የሳቱ ሳይሆኑ እኛው የዳርናቸው ናቸው። ዳሌዋ ያልጠና ልጅ ምጡ ለቀናት ሲጸናባት ልጇን ታጣለች፤ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗትም ከሰው ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ እኅቶችን በአሥር ሺዎች አክሟል።

«ኒካሕ ከዚና ይጠብቃል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው! ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ጋብቻ የጠሩት አቅሙ ያላቸውን ወጣቶች ነው፤ ላልቻለው ጾምን መከሩ። ኸንሳእ ቢንት ኺዛምን አባቷ ያለ ፈቃዷ ሲድራት ኒካሑን አፍርሰውላታል።

«ማውራት ዓይን ይገልጣል፤ ምዕራባውያንን ተመልከቱ!» የሚልም አይጠፋም። እሺ፣ እንመልከት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው 1,000 ሴቶች 62 ያህሉ ይወልዱ ነበር፤ በ2023 ግን 13 ያህል ሆኑ። ቁጥሩ የወረደው ልጆቹ ግንኙነትን በማዘግየታቸውና በመከላከያ በመጠቀማቸው ነው፤ ሁለቱም የሚያውቅ ሰው ሥራ ናቸው። ወላጅ ከልጁ ጋር በግልጽ የሚነጋገርባት ሆላንድም ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ልቅነታቸውን አንቀበልም፤ ሐራም ሐራም ነው። ዕውቀት እርግዝናን ያመጣል የሚለው ክስ ግን ማስረጃ የለውም።

ወንዱስ የት አለ? ሱረቱ አን-ኑር ዓይንን ስለ መስበር ሲያዝ በ30ኛው አንቀጽ አስቀድሞ የጠራው አማኝ ወንዶችን ነው፤ ሴቶቹ የተጠሩት በ31ኛው ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠነዋል። ልጅቷን ከቤትና ከትምህርት ገበታ እናባርራለን፤ ልጁን «ወንድ አይደል!» ብለን እናልፈዋለን። ይህ የማን ሸሪዓ ነው?

እናት ሆይ! ደሙ ሳይመጣ በፊት ለልጅሽ ንገሪያት። አባት ሆይ! ወንድ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጠህ የሰው ልጅ ክብር እንዳላት አስተምረው። ኡስታዝ ሆይ! የጠሃራን ትምህርት ስታስተምር የሐይድን ምዕራፍ አትዝለለው። የሳተች ልጅም ካለች በሩን አትዝጉባት፤ አላህ የተውበትን በር አልዘጋባትምና። ነገ በአላህ ፊት ስለ ልጆቻችን ስንጠየቅ «ነውር ስለሆነ ዝም አልን» የሚለው መልስ የሚያድነን ይመስላችኋልን?

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለእኛም እውነትን በርኅራኄ የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሚን።