ለትምህርት ቤቶቻችን ከክራክ የተሻለ አማራጭ አለ

ትምህርት ቤቶች ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ይጠቀሙ የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሙት የገንዘብን ነገር ነው፤ ዊንዶውስና ኦፊስ ውድ ናቸው፣ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ግን አይከፈልባቸውም ይላሉ። በአገራችን ይህ ክርክር ብዙም አያራምድም። ለዊንዶውስ ፈቃድ የሚከፍል ትምህርት ቤት ማግኘት ብርቅ ነውና። የጥገና ባለሙያው ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተደረገውን ቅጂ ይጭናል፣ በዚያው ያበቃል። ርዕሰ መምህሩ «እኛስ መቼ ከፈልን?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ኦፕን ሶርስ እዚህ የሚወዳደረው በገንዘብ ከሚገዛ ሶፍትዌር ጋር ሳይሆን ከክራክ ጋር ስለሆነ፣ መልስ የሚያስፈልገው ለእሳቸው ጥያቄ ነው።

ክራክ ሳይታይ የሚያስከፍለው ብዙ ነው። ለመጫን ሲባል አንቲቫይረስ ይጠፋል፣ አፕዴት ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ተማሪ ይዞት የገባው ፍላሽ የላብራቶሪውን ኮምፒውተሮች በሙሉ ሊበክል ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ከመጽሐፍና ከሙዚቃ እኩል ጥበቃ ይሰጣል፤ ሥነ ዜጋ በሚሰጥበት ግቢ ውስጥ በሌላኛው ክፍል ሕግ መጣስ የዕለት ተዕለት አሠራር መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችንና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ይህን አያሟሉም። እንደ ሉቡንቱ ያሉ ቀለል ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ግን በእነዚሁ ማሽኖች ላይ ይሠራሉ፣ የደኅንነት ማሻሻያም ያገኛሉ።

ትምህርት ቤቶችን ወደ ሊኑክስ ማዞር በሰፊው ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። የደቡብ ሕንዷ ኬራላ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረችውን የትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ፕሮግራም ቀስ በቀስ ሙሉ በሙሉ ወደ ኦፕን ሶርስ አዙራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ200,000 በላይ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቿ በሊኑክስ እንደሚሠሩና በዚህም 3,000 ክሮር ማለትም 30 ቢሊዮን ሩፒ ከወጪ መዳኑን አስታውቃለች። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚበልጥብኝ አሠራሩ ነው። መጀመሪያ መምህራን ሠለጠኑ፣ እነሱም ሌሎች መምህራንን አሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች በክበብ ተደራጅተው የትምህርት ቤታቸውን ኮምፒውተሮች በመንከባከብ ያግዛሉ። እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ጤና ሚኒስቴር የአገሪቱን የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት ኦፕን ሶርስ ነው።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። አንድ ኩባንያ ምርቱን ወደ አንድ ቋንቋ ለመመለስ አስቀድሞ ገበያውን ያሰላል፤ ብዙዎቹ ቋንቋዎቻችን በዚህ ስሌት ወድቀው ይቀራሉ። ሊብሬኦፊስ ግን የመተርጎሙን ሥራ ለፈቃደኞች ክፍት ስላደረገ ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በሲዳምኛም ገጽታ ተዘጋጅቶለታል። ትርጉሙ ላይ ስህተት ያገኘ መምህር ራሱ አርሞ መላክ ይችላል። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ጀምራለች፤ ኮድ የሚማር ልጅ በየዕለቱ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ውስጡ እንዴት እንደተጻፈ ማየት ካልቻለ፣ ትምህርቱ ከጎደሎነት አይወጣም።

ቀጣሪዎች ዎርድና ኤክሴል የሚችል ሰው ይፈልጋሉ የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን የዛሬዋ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሥራ የምትፈልገው ከዓመታት በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በኦፊስ 2007 የቀድሞዎቹን ሜኑዎች አንስቶ በሌላ ሲተካቸው፣ የቁልፎቹን ቦታ በቃሉ ያጠና ሁሉ እንደገና ለመማር ተገዷል። የሠንጠረዥ ቀመር አሠራር የገባት ልጅ በሊብሬኦፊሱ ካልክ የጻፈችውን ድምር በኤክሴልም ትጽፈዋለች። በዚያ ላይ መምህሯ ሊብሬኦፊስን ለክፍሉ ሁሉ በፍላሽ ቢያድል ሕግ አይከለክለውም፤ ቤቷ ኮምፒውተር ካለ እዚያም ትለማመድበታለች።

ይበልጥ የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው፤ መምህራኑ ራሳቸው ሊኑክስን አያውቁትም። የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ፕሮጀክት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ላፕቶፖች በኦፕን ሶርስ የሚሠሩ ነበሩ፤ መምህራን በቂ ዝግጅት ስላልነበራቸው ግን በክፍል ውስጥ የታሰበውን ያህል አላገለገሉም። ስለዚህ ሶፍትዌሩን መጫን ብቻውን ዋጋ የለውም። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሊኑክስንና ሊብሬኦፊስን በሥልጠናቸው ውስጥ ያስገቡ፤ ክልሎችም በጥቂት ትምህርት ቤቶች ጀምረው፣ ችግር ሲገጥም የሚደወልለት ባለሙያ በየወረዳው ይመድቡ። የትምህርት ቢሮዎች ኮምፒውተር ሲገዙ ማሽኑ በሊኑክስ ተሞክሮ እንዲቀርብ፣ ለመምህራን ሥልጠናም በጀት እንዲያዝ ከወዲሁ በጨረታ ሰነዱና በዕቅዳቸው ማስፈር ይችላሉ።