ሥራና ጉልበት፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ምን ይከተላል?

በዚህ ወር የተማሪዎች ገጻችን ከፊዚክስ ትምህርት ሥራንና ጉልበትን ይዘን ቀርበናል። ወላጆችም እስከ መጨረሻው አብራችሁን ብትዘልቁ እንወዳለን፤ ጉዳዩ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ልጆቻችን ከሚሻገሩት አስፋልት ይደርሳልና። በጽሑፋችን ፎርስን ኃይል፣ ኢነርጂን ደግሞ ጉልበት እያልን እንጠራለን።

በዕለት ንግግራችን የደከመ ሁሉ ሠርቷል እንላለን። ፊዚክስ ግን የሚጠይቀው ድካምን አይደለም። ዕቃው ላይ ኃይል አርፏል ወይ? ዕቃውስ በኃይሉ አቅጣጫ ተንቀሳቅሷል ወይ? ሁለቱ ካልተሟሉ ሥራ የለም። ግድግዳ ሲገፋ የዋለ ሰው ላብ ቢያጠምቀውም ግድግዳው ካልተነቃነቀ በግድግዳው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ጡንቻው ያቃጠለው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ቀረ እንጂ ወደ ግድግዳው አልተላለፈም።

በአንጻሩ 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን ይዛ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ፎቅ ላይ የምትወጣ እህታችንን እንመልከት። የውሃው መጠነ ቁስ 20 ኪሎ ግራም ነው፤ መሬት የምትስበው ደግሞ በ200 ኒውተን ገደማ ኃይል ነው። 200 በ3 ሲባዛ 600 ጁል ይሆናል። በውሃው ላይ የተሠራው ሥራ ይህ ነው። መለኪያው የተሰየመው በእንግሊዛዊው ሊቅ በጄምስ ጁል (1818-1889 እ.ኤ.አ.) ስም ነው።

ታዲያ ይህ 600 ጁል የት ገባ? አልጠፋም፤ ከፍ ባለው ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል። ከግድብ የሚወርድ ውሃ ተርባይን አዙሮ መብራት የሚሰጠን በዚሁ ሕግ ነው።

የእንቅስቃሴ ጉልበት የመጠነ ቁስ ግማሽ፣ በፍጥነት ተባዝቶ እንደገና በፍጥነት ሲባዛ የሚገኝ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህችን ‹እንደገና› አትርሷት! በ1720ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደማ ሆላንዳዊው ቪለም ስግራቨሳንድ የነሐስ ኳሶችን ከተለያየ ከፍታ ለስላሳ ሸክላ ጭቃ ላይ እየጣለ መረመረ። በእጥፍ ፍጥነት የወረደው ኳስ የሰረጎደው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነበር። ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌም በ1740 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የፊዚክስ መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ ደግፋ ተከራክራለች።

አሁን ወደ መንገዳችን እንምጣ። መጠነ ቁሱ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 10 ሜትር ሲጓዝ 50,000 ጁል ይዟል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ግን 200,000 ጁል ይሆናል። መኪናው እንዲቆም ይህ ሁሉ በፍሬን ሥራ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። የፍሬኑ ኃይል 5,000 ኒውተን ነው ብንል፣ በመጀመሪያው ፍጥነት 10 ሜትር፣ በሁለተኛው 40 ሜትር ያስፈልጋል።

ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢያልፍ፣ በ36ቱ 10 ሜትር፣ በ72ቱ 20 ሜትር ይጨመርበታል። እንግዲህ ከመኪናው 30 ሜትር ርቆ አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ውስጥ ቢገባስ? በ36 የሚጓዘው መኪና 20 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ልጁ ይተርፋል። በ72 የሚጓዘው ግን ልጁ ዘንድ ሲደርስ ፍሬን ተይዞም ገና በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው።

ሹፌር የሆናችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ‹ትንሽ ፈጠን ብል ምን አለበት› ከማለታችሁ በፊት ይህን ስሌት አስቡት። ልጆችም ‹ያየኛል፣ ይቆምልኛል› ብላችሁ አትሻገሩ፤ ሹፌሩ ቢያያችሁም የተሸከመው ጉልበት በአንድ ጊዜ አያልቅለትም።

በመጨረሻም ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። ይኸው መኪና በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ለመቆም ስንት ሜትር ይፈልጋል? ከታላላቆቻችሁ ጋር ሥሩት፤ መልሱን በሚቀጥለው ወር ይዘን እንመለሳለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።