የውድድር መኪና መሪ አይሸጥ!

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረት በአሜሪካ የመኪና እሽቅድድም ሕግ ሲሆን ማየት ያንገበግበኛል። ዛሬ መደበኛ መኪና በሚመስሉ «ስቶክ ካሮች» በሚካሄደው የናስካር ውድድር ዝቅተኛ እርከኖች ወንበር የሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ስንቴ አሸነፍክ?» ተብሎ ሳይሆን «ስንት ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ነው። ይህ ነውር ነው።

ችሎታ የሚሠራው ግን ወጣቶች በሚወዳደሩበት የአፈር ሜዳ ነው፤ ሜዳው የሚያስተምረውን የትኛው ገንዘብ ይገዛዋል? እዚያ የሚነዳው ትንሽ የውድድር መኪና፣ ስፕሪንት ካር፣ ሞተሪኖ የለውም፤ ከኋላ ተገፍቶ ይነሳል። ክብደቱ 640 ኪሎ ገደማ ሆኖ ሳለ የዘመኑ ትልቁ ሞተር ወደ 900 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ኋላው ይንሸራተታል፤ ሹፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ መኪናውን በነዳጅ ይመራዋል። ሜዳው ራሱ አይታመንም፤ ሲጀመር እርጥብ የነበረው አፈር ሲመሽ ደርቆ ያዳልጣል። እዚህ ያደገ ልጅ፣ 1,500 ኪሎ የሚያልፈው ስቶክ ካር ድንገት ሲከዳው አይደነግጥም።

ምስክሬ ጄፍ ጎርደን ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 በካሊፎርኒያ ተወለደ፤ በ13 ዓመቱ ስፕሪንት ካር ነዳ። የዕድሜ ገደብ እንቅፋት እንዳይሆንበት ቤተሰቡ ኑሮውን ነቅሎ ኢንዲያና ግዛት ገባ። በ1990 ሚጄት በተባሉት ትናንሽ የውድድር መኪኖች፣ በ1991 ሲልቨር ክራውን በተባለው ውድድር ሻምፒዮን ሆነ። ሕልሙ ጎማው ያልተሸፈነውን የኢንዲ መኪና መንዳት ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ ሳይዝ የሚቀበለው ቡድን አጣ። ፊቱን ወደ ስቶክ ካር አዞረ። በ1992 አትላንታ ላይ ሲነዳ ያየው የናስካር ቡድን ባለቤት ሪክ ሄንድሪክ አስፈረመው። በ1994 የኢንዲያናፖሊስ ሞተር ስፒድዌይ የመጀመሪያውን የስቶክ ካር ውድድር ሲያስተናግድ ያሸነፈው ማን ነበር? ያ በኢንዲ መኪና ቦታ ያጣው ልጅ፣ በ23 ዓመቱ! ከዚያም በናስካር ከፍተኛ እርከን 4 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ በአጠቃላይ 93 ድል አስመዘገበ።

ዕድል ነው የሚል ካለ ሌላውን የአፈር ሜዳ ልጅ ቶኒ ስቱዋርትን ይመልከት። በ1995 የሚጄት፣ የስፕሪንትና የሲልቨር ክራውን ሻምፒዮንነትን በአንድ ዓመት ጠቀለለ። በ1999 ወደ ናስካር ከፍተኛ እርከን ሲገባ በመጀመሪያ ዓመቱ 3 ውድድር አሸነፈ፤ በኋላም 3 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

«ስፖርቱ ውድ ነው፤ ያለ ስፖንሰር ጎማ አይዞርም» ይሉኛል። እውነት ነው። የጎርደን ቤተሰብም ብዙ ከፍሏል። ነገር ግን ልጅን ለማሳደግ መክፈልና ያልበሰለን ልጅ ከበሰለው ቀድሞ ለማስቀመጥ መክፈል ለየቅል ናቸው። ወንበሩ በተሸጠ ቁጥር የሚዘረፈው አንድ ባለችሎታ ብቻ አይደለም፤ ምርጡን አያለሁ ብሎ ትኬት የቆረጠው ተመልካችም ጭምር ነው።

የቡድን ባለቤቶች ሆይ፣ ቅዳሜ ማታ ወደ አፈር ሜዳው ውረዱ። ከኋላ ተነስቶ ከፊት የሚጨርሰውን ልጅ ፈልጉና አስፈርሙ። ስፖንሰር ማፈላለግ የእናንተ ሥራ ነው፤ የእሱ ሥራ መንዳት ነው።